ባለቤቴ ደመወዝ ጠየቀችኝ፤ ፎቶ ቤቱ እኮ የሁለታችን ነው!

ባለ ሌንሱ (ደብረ ማርቆስ)
ታኅሣሥ 4

ሰላም ለቤቱ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

እኔና ባለቤቴ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችን። ሰባተኛ ዓመታችን ነው። ስንጀምር አንድ ያገለገለች ካኖን፣ አንድ ፍላሽና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰማያዊ ጨርቅ ነበረን። ሌላ ምንም። የመጀመሪያውን ማተሚያ የገዛነው በእሷ እቁብ ነው። (ማንሣታችሁ ስለማይቀር ራሴ አስቀደምኩት።) አሁን ሁለት ካሜራ አለን። ደህና ኮምፒውተር አለን። ሥራም አለ፤ ጉርድ ፎቶ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ሰርግ።

ሥራችን የተከፋፈለ ነው። እኔ ወጥቼ አነሣለሁ። እሷ ቤት ናት። ጉርድ ለሚመጣው ታነሣለች፣ ኤዲት ታደርጋለች፣ አልበም ትሠራለች፣ ስልክ ትመልሳለች። ብሩ አንድ ኪስ ነው የሚገባ። ሽሮው ከዚያ ነው፣ የማተሚያ ቀለሙ ከዚያ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤቱም ከዚያ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቁን ዘግተን ስንሄድ ዝም ብላ ቆየችና «ከጥር ጀምሮ ደመወዝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ከየትኛው መሥሪያ ቤት?» አልኳት። «ካንተ» አለች። ቀጥላ «እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ?» ስትለኝ «ሚስቴ ነሽ» አልኳት። እቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ደመወዝ እኮ ለባዳ ነው የሚከፈል። ያለኝ ሁሉ የእሷ አይደለም እንዴ? እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ።


የጨሞጋ ልጅ
ታኅሣሥ 4

«ሚስቴ ነሽ» አልካት? ወይ ጉድ! ለመሆኑ አሁን የምትጽፈው ከአልጋ ነው ከሱቁ ወንበር?


ባለ ሌንሱ
ታኅሣሥ 4

ከሱቁ ወንበር።


ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ታኅሣሥ 5

ወንድሜ፣ እኔም ከባለቤቴ ጋር በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ ያገባኛል።

መጨረሻ ያነሣኸውን ሰርግ አስበው እስቲ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሙሽራዋ ቤት ገባህ። ስትዘጋጅ አነሣህ። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ አነሣህ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ የፎቶ ፕሮግራም፣ ከዚያ አዳራሽ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እግርህ ዝሎ፣ ከድግሱም ቀማምሰህ እቤትህ ገባህ። የካሜራውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግህና ተኛህ። ላንተ ሰርጉ አለቀ።

ለእሷ ገና መጀመሩ ነው። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ትገለብጣለች። በሃርድ ዲስክ ሌላ ቅጂ ትይዛለች። ከዚያ ምርጫ። እኛ ከአንድ ሰርግ ከ2 ሺህ በላይ ፎቶ ይዘን እንመለሳለን። አንዱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አንዱ አፉ ውስጥ ጉርሻ አለ፣ አንዱ ከኋላ ጣቱን ቀስሯል። ሁሉንም አንድ በአንድ አይታ 400 ታስቀራለች። ከዚያ ብርሃን ማስተካከል። ከዚያ «ፊቴን ትንሽ አቅይልኝ»። ከዚያ «የአባዬን ነጠላ አስተካክይልኝ»። ከዚያ አልበም። አልበሙ ለምርጫ በቴሌግራም ይላካል። ሙሽራዋ ወዳዋለች፣ የሙሽራው እናት አልወደዱም። «የአክስታችን ፎቶ የት ሄደ?» ይባላል። አክስትየዋ ሰርጉ ላይ አልነበሩም እኮ! ይህንንም የምታስረዳው እሷ ናት። ቀሪ ክፍያ ስትጠይቅ ደግሞ ስልክ አይነሣም።

ለአንድ ቀን ሰርግ እኔ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት እቀመጣለሁ። ወገቤ ይመስክር። አንተ «ቤት ናት» ያልከው ይህንን ነው።

ደመወዝ የጠየቀችህ ብር ቸግሯት አይመስለኝም። ብር ከፈለገች መሳቢያው እጇ ላይ አይደል?


አያ ቆራጥ (ደጀን)
ታኅሣሥ 5

እኔ አልስማማም። ደመወዝ ካለ ቀጣሪና ተቀጣሪ አለ። ተቀጣሪ ካለ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ማሰናበት አለ። ነገ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ልትሉ ነው? ባልና ሚስት በአንድ መሶብ ነው የሚበሉ። መሶቡን ለሁለት ከሰነጠቃችሁት እንጀራው መሬት ነው የሚወርድ።


ጣና ዳር
ታኅሣሥ 5

አያ ቆራጥ፣ መሶቡን ማን እንደሚያነሣው አይተው ያውቃሉ?


የጨሞጋ ልጅ
ታኅሣሥ 5

ኧረ በስማም! እኔ ቡናዬን ይዤ መጣሁ።


ጋሽ ፊክሰር (ፍኖተ ሰላም)
ታኅሣሥ 7

ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ኮምፒውተር ስታወሩ እኔ የራሴ ዘመን ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ነው ፎቶ ቤት የከፈትኩ። ያን ጊዜ የቀበሌ መታወቂያ የማያወጣ ሰው የለም። መታወቂያ ደግሞ ያለ ጉርድ ፎቶ አይሆንም። ሰልፉ ደጃፍ ድረስ ነበር።

ፊልሙ ባለ 36 ነው። ከመጫንህ በፊት ሦስቴ ታስባለህ። እንደ እናንተ መትረየስ ማርከፍከፍ የለም። ባለ ቀለሙን ፊልም በአውቶቡስ ረዳት አዲስ አበባ ልከን ነበር የምናሳጥበው። ጥቁርና ነጩን ግን እቤት ነው። ከጓዳው አንዷን ክፍል መስኮቷን በብርድ ልብስ ደፈንናት። ቀይ አምፖል አበራን። ወረቀቱ ቀይ ብርሃን አያውቅም፣ አይቃጠልም። ምስሉን ከሚያወጣው ኬሚካል ከዴቨሎፐሩ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ምስሉን ወደሚያጸናው ፊክሰር፣ ከዚያ እንደገና በደንብ ማጠብ። በደንብ ያልታጠበ ፎቶ ዓመት ሳይሞላው ይበልዛል።

ይህን ሁሉ ትሠራ የነበረችው ባለቤቴ ናት። እኔ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል እል ነበር። ጭስ አልነበረውም፣ ሽታ ነው። ሰው ፊቱ ላይ ጠባሳ ወይም ብጉር ካለው ደግሞ ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ለጥፋ በሹል እርሳስ ትነካካዋለች። ታትሞ ሲወጣ ብጉሩ የለም። ሰዉ ታዲያ እኔን «እጅህ ይባረክ» ይለኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ።

አንድ ጊዜ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። የትምህርት ቤት ልጆች ለፈተና ፎቶ መጡ። ሁሉንም አንሥታ፣ አጥባ፣ ቆርጣ ሰጠች። ስመለስ ርእሰ መምህሩ ሱቄ ድረስ መጥቶ አመሰገነኝ። እኔን! እሷ እዚያው ቆማ ወረቀት ትቆርጣለች።

ደመወዝ አልከፈልኳትም። አልጠየቀችኝም። ሳንቲም ግን በወተት ቆርቆሮ ታጠራቅም ነበር። ፎቶ ማጉያውን ስገዛ ብሩ ጎደለኝና ቆርቆሮውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ያቺ ማጉያ አሁንም እቤት አለች። ደመወዝ የሚለው ቃል ለእኔም ይከብደኛል፤ አልዋሽም። ያንተዋ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ከመደበቅ አፍ አውጥታ መናገሯ ይሻላል።


ባለ ሌንሱ
ታኅሣሥ 7

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የእቁቡ ነገር ትዝ አለኝና ትንሽ አፈርኩ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ጥር 12 ሁለት ሰርግ ይዣለሁ። አንዱ እዚሁ ማርቆስ ነው። ሌላው የአጎቴ ልጅ ነው፣ ደምበጫ አካባቢ፣ ገጠር። የሱን በግማሽ ዋጋ ነው ያልኩ። ከ40 ሺህ በ20። ሳልነግራት ነው ቃል የገባሁ። በማግስቱ ነው የደመወዙን ነገር ያነሣችው። አሁን ሳስበው ይገናኛል መሰለኝ።


የጨሞጋ ልጅ
ታኅሣሥ 7

መሰለህ?


ሒሳብ ሹም
ታኅሣሥ 8

በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝና አጠር አድርጌ ልናገር። ፈቃዱ በማን ስም ነው? በአንተ ስም ከሆነ፣ ያ ማለት ፎቶ ቤቱ ያንተ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ እሷ በሕግ ድርሻ አላት። ደመወዝ ተከፈላት ብሎ ድርሻዋ አይቀርም። አያ ቆራጥም በዚህ አይስጉ።

ለግብር ግን ተጠንቀቅ። ነጋዴው ለራሱና ለቤቱ የሚያወጣው ወጪ ከግብር ላይ ተቀናሽ አይሆንም። ማታ ማታ በደብተር የምትካፈሉት ሌላ፣ ለገቢዎች የምታቀርበው ሌላ ነው። ከፍ ስትሉ ደግሞ በንግድ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በሁለታችሁ ስም ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። አሁን ግን መጀመሪያ የቤቱንና የሱቁን ብር ለዩ። ሽሮና የማተሚያ ቀለም አንድ ኪስ ውስጥ ካሉ፣ ሱቁ አትራፊ ይሁን ከሳሪ ማንም አያውቅም። አንተም አታውቅም።


የቅኔ ቤቱ
ታኅሣሥ 8

ዋሸራ ቅኔ ቆጥሬያለሁ፤ ስለ ካሜራ አላውቅም። ዘመን መቁጠር ግን አውቃለሁ። ደመወዝ ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል።

እናንተ ሥራችሁ በአጽዋማት የታጠረ ነው። አሁን የነቢያት ጾም ነው፣ ሰርግ የለም። ከጥምቀት በኋላ ይከፈታል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይዘጋዋል። ጾሙ ግን ቀኑ አይረጋም። ነነዌ ከጥር 17 አትወርድም፣ ከየካቲት 21 አትወጣም። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 አይወርድም፣ ከመጋቢት 5 አይወጣም። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ሲያጥር 20 ቀን ነው፣ ሲረዝም 54 ቀን። ከዚያ 55 ቀን ጾም። ሰርግ እንደገና ከፋሲካ በኋላ።

እና በየወሩ እኩል ደመወዝ ከየት ይመጣል? በመጋቢት ከምን ትከፍላታለህ?


ጣና ዳር
ታኅሣሥ 8

አባቴ፣ ይህ ነው ቁም ነገሩ! እኛም መጀመሪያ ዓመት ወርኀዊ ብለን ነበር። በጾሙ ወራት ባለቤቴ ሊከፍለኝ አልቻለም። እዳ ሆኖ ተጻፈ። እዳው ጠብ ወለደ። አሁን በየሥራው ነው የምንካፈል። አንድ ሰርግ ተከፍሎ ሲያልቅ መጀመሪያ የትራንስፖርቱ፣ የኅትመቱና የረዳቱ ይወጣል። ከተረፈው ሦስተኛው እጅ የሱቁ ነው። ኪራይና እቃ የሚገዛው ከእሱ ነው። የቀረው ለሁለታችን እኩል። ሰርግ ከሌለ ሁለታችንም የለንም። ጾም ለሁለታችንም ጾም ነው።

እቤት የሚወጣውን ደግሞ ከየድርሻችን እኩል እናዋጣለን። እኔ ከተረፈኝ ለእናቴ እልካለሁ። ማንንም አላስፈቅድም። ደስታውን ልነግራችሁ አልችልም።


መብራት ጠፋ (እንጅባራ)
ታኅሣሥ 9

ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ጣና ዳር ሁለት ቅጂ ያሉትን የዘለላችሁት መሰለኝ። እኔ ባለፈው ዓመት የአንድ ሰርግ ካርድ ተበላሸብኝ። ግማሹ ሰርግ የለም። የሙሽራዋን አባት ፊት አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። ካርድ «አላነብም» ካላችሁ ወይም በስሕተት ካጠፋችሁት ምንም አትጨምሩበት፣ አውጥታችሁ አስቀምጡት። ሌላ ካልተጻፈበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እኔ ደንግጬ እዚያው ላይ ሌላ አነሣሁበት።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ካርድ ተቀባይ ሆናለች። እኔ ካርዱን ሳላስረክብ ራት አይቀርብልኝም። ባለ ሌንሱ፣ ያንተዋ እስካሁን ስንት ሰርግ እንዳተረፈችልህ ጠይቃት።


የመልሷ ሙሽራ (ቢቸና)
ታኅሣሥ 11

ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ያገባሁት ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከደንበኛ ወገን አንድ ነገር ልበል።

እኛ ጋ ሙሽራ ስትለብስ ወንድ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ከተማ ላይ ቀርቷል ትሉ ይሆናል። አያቴ ግን በሩ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንግቶ ሲመጣ «ወዴት ነው?» አሉት። ተመለሰ። ባለቤቱ ግን አብራው መጥታ ነበር። ካሜራውን ከሱ ተቀብላ ገባች።

ከአልበሜ ሁሉ የምወዳቸው እሷ ያነሣቻቸውን ነው። እናቴ ጌጤን እያሰረችልኝ ታለቅሳለች። እህቴ መሬት ተቀምጣ የጫማዬን ማሰሪያ ትታገላለች። አያቴ ከበሩ ዘወር ብለው ያዩኛል። እኔም ካሜራ መኖሩን ረስቼዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ባልየው ያነሣቸው ላይ ሁሉም ሰው ተገትሮ «አይብ» ያለ ይመስላል።

ሲከፍሉ ግን አባቴ ብሩን ለእሱ ነው የሰጡት። ለእሷ «እንጀራ በልተሻል?» አሏት።


አያ ቆራጥ
ታኅሣሥ 11

ይህ ደግሞ እውነት ነው። የእኔም እናት ወንድ ፎቶ አንሺ በጓሮ አስወጥተው ያውቃሉ። እኔ ደመወዙን እንጂ ሙያዋን አልተቃወምኩም።


ባለ ሌንሱ
ታኅሣሥ 19

አልጠፋሁም። አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ነው። የልጄን አሮጌ ደብተር አውጥቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ማን ምን እንደሠራ ጻፍኩ። አልነገርኳትም። እንደ ሰላይ ሆንኩ ማለት ነው።

ሳምንቱ ጾም ነው፣ ሥራ የለም ብዬ ነበር የጀመርኩ። እኔ ያን ያህል ሥራ አልነበረኝም፤ ትክክል ነው። ሁለት ቀን የተማሪዎች የቡድን ፎቶ አነሣሁ። አንድ ቀን ሌንስ ላስጠግን ብዬ ወጥቼ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ስጠጣ ዋልኩ። (ይህንንም ጻፍኩ። ሐቀኛ ልሁን ብዬ።)

እሷ በኅዳር ወር የተነሡትን የሦስት ክርስትናዎች አልበም ጨረሰች። የጥር ሙሽሮችን በስልክ አነጋገረች። አንዷ ሙሽራ ብቻ በሁለት ቀን 14 ጊዜ ደውላለች። ቬሎዋ ነጭ ይሁን ክሬም የምትጠይቀው እኛን ነው! ቀብድ ያልከፈሉ ሁለት ሰዎችን አስከፈለች። ጉርድ የሚነሡ ሰዎች እንደ ድሮው ባይሆኑም ይመጣሉ። ለፋይዳ መታወቂያ ፎቶው እዚያው ስለሚነሣ ቀንሷል። ማታ መብራት ሲመጣ እየተነሣች አተመች። እኔ ተኝቼ ነበር፤ የማተሚያው ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ።

ደብተሩን አምጥቼ አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ ምን አለች መሰላችሁ? «ቅዳሜ የጻፍከው ተሳስቷል፤ አራት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ነው የሠራሁት።» ሰዓቷን ለካ ስትመዘግብ ነው የኖረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ። በስልኳ።

ጣና ዳር ያሉትን ነገርኳት፤ በየሥራው መካፈሉን። ተስማማች። አንድ ነገር ግን ጨመረች፣ «የጥር 12ቱን የደምበጫውን ሰርግ እኔ አነሣዋለሁ» አለች። የአጎቴን ልጅ! እዚያ የማውቃቸው ሽማግሌዎች ምን ይሉኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።


ጣና ዳር
ታኅሣሥ 19

ሁለት ዓመት ሙሉ! እህቴን ሰላም በልልኝ። ባሕር ዳር ብቅ ካለች ጣና ዳር ዓሣ እጋብዛታለሁ።


ጋሽ ፊክሰር
ታኅሣሥ 20

ሽማግሌዎቹ ምንም አይሉህ። የሚሉት ፎቶው ሲመጣ ነው። የእኔ ምክር አንድ ብቻ ነው። ጥሩውን ካሜራ ለእሷ ስጣት። አሮጌውን አንተ ያዝ።


ባለ ሌንሱ
የካቲት 2

እንደምን ከረማችሁ። ጥር አለፈልን። «ምን ሆነ?» እያላችሁ በውስጥ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁና ልንገራችሁ።

ጥር 12 ሌሊት ረዳት ልጅ ይዛ በኪራይ መኪና ሄደች። ጥሩውን ካሜራ ሰጠኋት። እንደ ጋሼ ምክር መሆኑን አልነገርኳት፣ ከራሴ ያመነጨሁት አስመሰልኩ። እኔ ማርቆስ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ስደውል አታነሣም። ማታ 3 ሰዓት መጣች። አቧራ ለብሳለች። ምን አሉ ስላት «መጀመሪያ ረዳቱን ልጅ ፎቶ አንሺ አድርገውት ነበር» አለች። ልጁ 17 ዓመቱ ነው! ከዚያ የሙሽራዋ እናት እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። ውጭ ያሉት ወንዶች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እሷ ከሁሉም የበለጠውን አንሥታ ጨረሰች።

ፎቶዎቹን አየሁ። አንዱ ላይ የሙሽራዋ አያት ሹሩባዋን በጣታቸው እየዳሰሱ ይመርቋታል። ብርሃን ከበሩ ብቻ ነው የሚገባው። እኔ ብሆን ፍላሽ አበራበት ነበር። ጠፍቶ ነበር ያ ነገር።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። እንደ ስምምነታችን «የየራሳችንን ሰርግ እያንዳንዳችን ኤዲት እናድርግ» አለች። እሺ አልኩ። ምን አለው ብዬ። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ከፈትኩ። የሰዉ ፊት ሁሉ ጠቁሯል። ሁሉም! ካሜራው የተበላሸ መሰለኝ። ጠራኋት። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አየችና «እንደ ሁልጊዜው ነው» አለች።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሰርግ ላይ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ቦታው በጣም የበራ ይመስለውና ብርሃን ይቀንሳል። ነጠላው ያምራል፣ ፊቱ ይጨልማል። ስለዚህ ሲያነሡ ብርሃኑን በእጅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህንን ማወቅስ አውቀዋለሁ። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አላደረግሁትም። ለምን? ምክንያቱም አልበሙ ሲወጣ ሁልጊዜ ፊቱ ፈክቶ ነው የማየው። ያነሣሁት እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ለካ በየሌሊቱ ፊት በፊት እየፈለገች የምታፈካው እሷ ናት።

ያንን ሰርግ ለመጨረስ 11 ሌሊት ፈጀብኝ። የእሷ በአምስት ሌሊት አለቀ። መጀመሪያውኑ አስተካክላ ነዋ ያነሣችው።


የጨሞጋ ልጅ
የካቲት 2

ሰባት ዓመት «እጅህ ይባረክ» ተብለህ «አሜን» ስትል ነበራ። ጋሽ ፊክሰር ብቻቸውን አይደሉም።


ጋሽ ፊክሰር
የካቲት 2

እኔን ተወኝ አንተ ልጅ። ያቺን የአያቲቱን ፎቶ ግን ቤተሰቡ ከፈቀደ አሳዩኝ። የበር ብርሃን እወዳለሁ።


አያ ቆራጥ
የካቲት 3

ክፍያውስ? የዘመድ ቅናሹ ከማን ላይ ተነሣ? እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥያቄ።


ባለ ሌንሱ
የካቲት 3

አያ፣ ያንን ባያነሡት ደስ ይለኝ ነበር።

ቁጭ ብለን አሰላነው። እሷ ሰርጉን በሙሉ ዋጋ ጻፈችው፤ 40 ሺህ። ወጪ አወጣች። የሱቁን ሦስተኛ እጅ አወጣች። የራሷን ድርሻ አወጣች። የእኔ ድርሻ ላይ ስትደርስ «20 ሺው የተቀነሰው ያንተ ዘመድ ስለሆነ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ከድርሻዬ ላይ ቀነሰችው። ድርሻዬ አልበቃም። ከሌላው ሰርግ ላይ ካለኝ ተጨመረ።

እንግዲህ ለአጎቴ ልጅ የሰጠሁት ቅናሽ ሳይሆን ስጦታ ሆነ ማለት ነው። ከኪሴ። አሁን ዘመድ ሲደውል ስልኩን ለእሷ ነው የምሰጠው። ለራሷ ዘመድ ደግሞ ቅናሽ ሲጠይቋት ሰማኋት፤ «ድርሻዬን አስቤ እደውልላችኋለሁ» ትላለች።

በመጀመሪያ ድርሻዋ ምን ገዛች እንዳትሉኝ። አልነገረችኝም። አልጠየቅሁም። ብቻ ባለፈው እሑድ አዲስ እቁብ መግባቷን ከጎረቤት ሰማሁ።


አያ ቆራጥ
የካቲት 3

በል እሺ። እኔ በሐሳቤ እንዳለሁ ነኝ። ለማንኛውም ልጄን ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከፋሲካ በኋላ ልድር ነው። ደጀን ትመጣላችሁ? ዋጋውስ?


ባለ ሌንሱ
የካቲት 3

እንኳን ደስ ያለዎት አያ! ቀኑን የምትይዘው እሷ ናት፤ በውስጥ ቁጥሯን እልክልዎታለሁ። ሴት ልጅዎ ናት ወንድ የሚዳረው?


አያ ቆራጥ
የካቲት 4

ሴት ናት። ባለቤቴ ደግሞ ከአጠገቤ ሆና እያነበበች «ሚስትየዋ ካልመጣች አልፈልግም» እያለች ነው።